ወንዝ በጨው የለካንበት ሰሞን

ወጥቶ መግባት የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው፤ ወጥቼ ገብቻለሁና ስሙ ይመስገን። ይህን የምጽፈው ዓሰብ ላላችሁ የማኅበራችን እናቶችና እኅቶች ነው። ከእናንተ መካከል የሰሜንን ተራራ የሚያይ ይኖራል ብዬ አላስብም። እኔም ሥራ ባይገፋኝ ኖሮ ከጎንደር አልፌ የምሄድ ሴት አልነበርኩም። ያሳደሩኝን ሴትዮ ስምና የሰፈራቸውን ሰዎች ስም ለውጬዋለሁ፤ ለምን እንደሆነ ስትደርሱበት ይገባችኋል።

አስቀድሜ ስለ ሥራዬ ጥቂት ልበል። ውጭ አገር ሄጄ የተማርኩት ወንዝ ከባሕር ጋር ስለሚገናኝበት አፍ ነው። እዚያ ጣፋጩ ውሃ ይወርዳል፣ ጨዋማው ሽቅብ ይገፋል። ሁለቱ ሲገፋፉ የት ላይ እንደሚቆሙ፣ ዓሣውም በየትኛው ውሃ እንደሚረባ በስሌት ማግኘት ይቻላል። ስሌቱን ሞዴል ይሉታል፤ በወረቀት ላይ የተሠራ ወንዝ ማለት ነው። ተምሬ ስመለስ የተመደብኩት ጎንደር ሆነ። ጎንደር ባሕር የላትም፤ የኛ ታላላቅ ወንዞችም ባሕር የሚደርሱት በሰው አገር ነው። ስለዚህ የባሕሩን ትቼ የተራራውን ያዝኩ። ወንዝ በበጋ ምን ያህል እንደሚቀንስ፣ በውስጡ ያለውም ዓሣ ስንት ውሃ ቢተውለት በጋውን እንደሚሻገር መገመት ሥራዬ ሆነ።

የዚህ ጉዞ ምክንያትም ይኸው ነው። ከሊማሊሞ ግርጌ፣ ወደ ዛሪማ ሲወረድ፣ አንድ ገባር ወንዝ አለ። ላይኛው ወገን ላይ ውሃውን በግንብ ጠልፎ ለአዲስ እርሻ የመስጠት ዕቅድ ወጥቶ ነበር። ከታች ደግሞ ገበሬዎቹ ከብታቸውን የሚያጠጡበት፣ ዓሣ የሚኖርበት፣ በጋውን ሙሉ የማይደርቅ ጥልቅ ውሃ አላቸው። እኔ በበጋው መጨረሻ ወንዙን ለክቼ እንዳመጣ፣ ከዚያ ላይ ለታችኛው ውሃ የሚበቃው ተነሥቶ የቀረው ብቻ እንዲጠለፍ ተወሰነ። ቁጥሬ ከእውነቱ ከበዛ የታችኛው ውሃ ይደርቃል ማለት ነው። ይህን አውቄ ነው የሄድኩት።

ሐሙስ፤ ከጎንደር ደባርቅ

የወጣነው ኪዳን አድርሼ ስመለስ ነው። ሾፌራችን ጋሽ ደምሴ የወገራ ሰው ናቸው፤ መንገዱን በየጉድጓዱ ያውቁታል። የጫንነው ብዙ አይደለም፦ ስንቅ፣ ብርድ ልብስ፣ ሚዛን፣ የውሃን ጨዋማነት የምታነብ ባለ ባትሪ ሣጥን፣ አንድ ጀሪካን ነጭ ጋዝ፣ በሁለት ከረጢት የተከፈለ ዐሥራ ሁለት ኪሎ ጨው።

ጨው ስል ትስቁ ይሆናል። እኛ ዘንድ ጨውና አሸዋ ልዩነት የላቸውም፤ ባሕሩ ዳር እንደ ኮረብታ ተከምሮ በልጅነታችን እየተንሸራተትንበት ቀሚሳችንን የቀደድንበት ነው። እዚህ ግን በዚያ ሰሞን ጦርነቱ መንገዱን እየዘጋ እየከፈተ ጨው የጫነ መኪና ለወራት ይጠፋል። የማኅበር ሱቅ ሲደርሰውም የሚያድለው በሻይ ብርጭቆ ነበር።

አምባ ጊዮርጊስ ኬላ ላይ አንድ ጠባቂ ከረጢቱን ፈትቶ ጣቱን ነክሮ ቀመሰ።

«እትዬ፣ ይህ ሁሉ ጨው ለማን ነው?»

«ለወንዝ» አልኩት፤ እውነቱን መናገር ይሻላል ብዬ።

«ለማን?»

«ለወንዝ።»

ጠባቂው ወደ ጋሽ ደምሴ ዞረ። እሳቸውም መሪውን እንደያዙ፣ «ወንድሜ፣ ለኔም አልገባኝም። ወንዙ አልጫ ሆኖባቸው ይመስለኛል» አሉት።

ኬላው በሳቅ ሞላ። እኔ ግን የመሥሪያ ቤቴን ደብዳቤ አውጥቼ አስረዳሁት። አንድ ቁንጥር ጨው በትንሽ ድስት ብትጨምር ይታወቃል፣ በትልቅ ጋን ብትጨምር ይጠፋል። ወንዙ መጠኑን የማላውቀው ድስት ነው፤ የጨውን መጠን ግን አውቀዋለሁ። ከላይ እጨምራለሁ፣ ከታች እቀምሳለሁ፣ ከዚያ ድስቱ ስንት እንደሚይዝ አሰላለሁ። ጠባቂው አዳምጦኝ ሲያበቃ ከረጢቱን በጥንቃቄ መልሶ አሰረና፣ «ሰው ለወጡ ያጣውን ወንዝ ይብላው!» አለ። በቁጣ አልነበረም፤ እንዳዘነ ሰው ነው የተናገረው።

ዳባት ምሳ በላን። ነፋሱ ከገብሱ ማሳ ላይ እየተነሣ ነጠላዬን ሊነጥቀኝ ይታገላል፤ የዓሰብ ነፋስ ያቃጥላል፣ የዳባት ነፋስ ይናከሳል። በዓለ ሃምሳ ስለነበር ጾም የለም፤ የበግ ቅቅል አቀረቡልን። በገበታው ላይ ጨው መቀመጥ በነበረበት ስፍራ ሚጥሚጣ ብቻ ነበር።

ደባርቅ ስንደርስ ጉሙ ከገደሉ ወጥቶ ከተማውን ሸፍኖታል። ያረፍንባት ቤት ባለቤት ሦስት ጋቢ ደራርበው ሰጡኝ። የኛ ሰው በገመድ አልጋ ላይ ደጅ ተኝቶ ላቡን ሲጠርግ እኔ እዚህ በግንቦት ዋዜማ ጥርሴ ይንገጫገጫል። ዕቃውን ስናወርድ ደግሞ ጉዳችን ታየ። የነጭ ጋዙ ጀሪካን ክዳኑ ላልቶ አንዱን ከረጢት ጨው እስከ ታች አርሶታል።

«ምን ቸገረን፣ ይህንኑ እንድፋዋ!» አሉ ጋሽ ደምሴ።

«ዓሣውስ?»

«ዓሣው ማታ ማታ መብራት ያበራበታላ!»

አይሆንም አልኩ። የቤቱ ባለቤት ከረጢቱን ሲያዩ አጠገቤ መጥተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልትጥይው ነው እንዴ? ለኔ ስጭኝ።»

«እትዬ፣ ጋዝ እኮ ጠጥቷል።»

«ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ። ጋዙን ፀሐይ ይወስደዋል፤ ጨውን ማን ይወስደዋል? ለሰው ባይሆን ለላሞቼ ይሆናል።»

ሰጠኋቸው፤ ከልባቸው መረቁኝ። ለሥራው የቀረልኝ ስድስት ኪሎ ብቻ ሆነ።

ዓርብ፤ ሊማሊሞ

ሊማሊሞን ለማታውቁ፣ ከሰማይ ወደ ምድር የተዘረጋ እባብ አስቡ፤ መንገዱ እሱ ነው። በየመታጠፊያው ጆሮዬ ይደፈናል፣ በየመታጠፊያው አንድ ልብስ አወልቃለሁ። እኔ ዳዊት ስደግም ጋሽ ደምሴ፣ «እቴ፣ ጮክ ብለሽ ድገሚው፤ ፍሬኑም ይስማ» ይላሉ።

ፍሬኑ ሰማ፤ ያልሰማው ባሌስትራው ነው። ከግማሽ በላይ ከወረድን በኋላ የመኪናውን አካል የሚሸከመው ያ ብረት ቋ ብሎ ተሰበረ። አራት ሰዓት ያህል ገደል ጥግ ተቀመጥን። በመጨረሻ አህዮቹን የሚነዳ አንድ ሰው ደረሰ፤ የተሰበረውን ጎንበስ ብሎ አየና ምንም ሳይጠየቅ ጭነቱን ካሰረበት ጠፍር አንዱን ፈታ። ጋሽ ደምሴ ባሌስትራውን በጠፍሩ ጠፍረው አሰሩት። «በምን እንመልስልህ?» ስንለው፣ «ወደ ደባርቅ ለሚወጣ ሰው ስጡልኝ፤ ገበያው ላይ የኔን ጠፍር የማያውቅ የለም» ብሎ መንገዱን ቀጠለ። እኛ ወደብ ላይ ክንድ የማትሞላ ገመድ እንኳ በፊርማ ነው የምትሰጠው።

ከሰዓት በኋላ ከግርጌ ደረስን። ሙቀቱ ፊቴን ሲመታኝ ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ የአገሬን አየር ያገኘሁ መስሎኝ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሙላው መንገድ ላይ ጠበቀን። ፊደል የቆጠረ፣ ቀጭን፣ ሁሉን በደብተሩ የሚጽፍ ሰው ነው። በመንደሩ ማንበብ የሚችል እሱ ብቻ መሆኑን ራሱ ነገረኝ፤ የወታደር ልጆችን ደብዳቤም ለእናቶቻቸው የሚያነብ እሱ ነው።

ማረፊያዬ እማማ የሻረግ ቤት ሆነ። ባል የሞተባቸው፣ ረዘም ያሉ፣ እጃቸው የወንድ እጅ የሚያህል ሴት ናቸው። መደባቸውን ለቀውልኝ እሳቸው መሬት ላይ አነጠፉ። ብከራከር፣ «በእንግዳ ላይ መደብ የያዘ ሰው ሲሞት ሬሳውን ምድር ትገፋዋለች» አሉኝ። ራት ሽሮ ነበር፤ ጨው አልነካውም። ጎርሼ ሌላ ጠቀለልኩ፤ እሳቸው ግን ፊቴን አነበቡት።

«አልጣመሽም።»

«ኧረ ጥሞኛል እማማ።»

«በእግዜር ፊት ትዋሻለሽ ልጄ? ጨው የለውም እኮ። ጨው ካየን ጥምቀት አልፏል። በኛ አገር እንግዳ እንዲህ ባለ አልጫ አይስተናገድም ነበር፤ ዘመኑ አዋረደን።»

ስድስት ኪሎ ጨው ከራስጌዬ ነበር። አንድ ስኒ ቀንሼ ብሰጣቸው ለሥራው የሚጎድል ነገር አልነበረም፤ ከመመዘኔ በፊት ነበርና። እጄ ወደ ከረጢቱ ሄዶም ነበር። ነገር ግን የመንግሥት ንብረት ነው፣ አደራ ነው፣ አደራ ደግሞ አይቀነስም ብዬ መለስኩት። ይህንኑ ለእማማ የሻረግ ነገርኳቸው። «እውነትሽን ነው፣ አደራ ከባድ ነው» አሉና ገበታውን አነሡ። ጥንቁቅ በመሆኔ ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ቅዳሜ፤ ባሕሩ

የመንደሩ ሰዎች ያን ጥልቅ ውሃ ባሕር ነው የሚሉት። «ባሕሩን እናሳይሽ» ሲሉኝ እኔ የባሕር ልጅ ፈገግ አልኩ፤ ሳየው ግን ፈገግታዬ ጠፋ። ወንዙ ቀጥኖ በድንጋይ መካከል እየተሹለከለከ ይመጣና ትልቅ ዋርካ ሥር ሲደርስ ይሰፋል፣ ይጠልቃል፣ ይጠቁራል። ግርጌው ድረስ የጠራ ነው። አፋቸው ዳር ጢም ያላቸው ዓሣዎች በጥላው ውስጥ ተደርድረው ቆመዋል፤ አምባዛዎቹ ከሥሩ ተጋድመዋል። በረጅም ዘንግ ጥልቀቱን ለካሁ። ዕንቁላላቸውን የሚጥሉት ዋርካው ሥር ባለው ጠጠር ላይ መሆኑን ሙላው አሳየኝ። ውሃው ከዚያ ጠጠር ከሸሸ ዓሣው ዘር አይተካም፤ ዘንድሮ ቢተርፍ ለከርሞ የለም።

«ዱሮ ሰው የብርብራ ዛፍ ፍሬ ወቅጦ እየበተነ ዓሣውን አስክሮ ይለቅም ነበር» አለ ሙላው። «ውሃውን ከብት ይጠጣዋል ተብሎ ቄሶቹ ገዘቱ። ከዚያ ወዲህ በመንጠቆ ነው።»

«ግዝቱን የሚያፈርስ የለም?»

«ጓድ፣ ጨው እንኳ በሌለበት አገር ዓሣ ማን ይሰርቃል? በምን ይበላዋል?»

አብረውን የመጡት እማማ የሻረግ ከኋላ ሳቁበት። «አንተ ሰው በደብተርህ ውስጥ ሳቅ አለ እንዴ? ዛሬ ገና አወጣኸው።»

ከዚያ ግን ሳቁን ትተው ወደኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ይህን ውሃ ሊወስዱብን ነው ይላሉ። እውነት ነው?»

«የሚተርፈውን ብቻ ነው እማማ። የሚተርፈው ስንት እንደሆነ ለማወቅ ነው የመጣሁት። የናንተ አይነካም።»

«አንቺ ነሽ የምትቆርጪው?»

«እኔ እለካለሁ።»

«እንግዲያው ደኅና ለኪልን።»

በማግሥቱ ግንቦት ልደታ ነበረ፤ ዕለቱም እሑድ። በእመቤታችን ልደት፣ ያውም በሰንበት፣ ሚዛን ይዤ እንዳልቆም ብዬ ፀሐይ ሳትገባ ሥራዬን ጨረስኩ። ጨውን በሦስት ከረጢት ሁለት ሁለት ኪሎ አድርጌ መዘንኩ፤ ሁለት ጊዜ መዘንኩ። አፋቸውን አስሬ እማማ የሻረግ ጓዳ ውስጥ አስቀመጥኳቸው። ሚዛኑን ሣጥኑ ውስጥ ከትቼ ሣጥኑን መደቡ ሥር ገፋሁት።

እሑድ፤ ልደታ

አስቀድሰን ስንመለስ መንደሩ ሁሉ ደጅ ወጥቶ ነበር። የልደታ ማዕድ ከቤት ውጭ እንደሚበላ ታውቃላችሁ፤ እኛ የምንበላው በሰሌን ጥላ ሥር የባሕሩ ሽታ እየመጣብን ነው፣ እነሱ የሚበሉት ዋርካው ሥር ነው። ከየቤቱ የተዋጣው ስንዴ፣ ባቄላ፣ ሽምብራ በአንድ ትልቅ ጋን ተቀቅሎ ንፍሮ ሆኗል። ሴቶቹ እልል እያሉ አወጡት።

አንድ እፍኝ ወሰድኩና ቀመስኩ። ጨው ነበረው። ልክክ ያለ፣ እናቴ የምትሠራውን የሚመስል ንፍሮ ነበር። ሰው ሁሉ አንድ ጊዜ ጎረሰ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ፣ «ኧረ እመቤቴ ባረከችው!» ብለው ጮኹ። እልልታው እንደገና ቀለጠ። ያረጁ ሴቶች ጣታቸውን እየላሱ ሲያለቅሱ አየሁ፤ እኔም አለቀስኩ። ከወዴት መጣ ብዬ አልጠየቅኩም። እግዚአብሔር በእናቱ በዓል ለድኾች የሰጠውን መመርመር ድፍረት መሰለኝ። እማማ የሻረግ ድርሻዬን ሁለት ጊዜ እየዘገኑ ሰጡኝ፤ «ብይ ልጄ፣ ዛሬ አልጫ አይደለም» እያሉ።

በሐሳቤ ግን አንድ ነገር ሽው ብሏል፤ አልክድም። ማታ ጓዳ ገብቼ ከረጢቶቹን አየኋቸው። ሦስቱም እንደታሰሩ፣ ሦስቱም እኩል ናቸው። ሚዛኑን ከመደቡ ሥር ማውጣት ነበረብኝ። ሰንበት ነው አልኩ። ደግሞም እማማ የሻረግ ፊት ጨው እንደገና ብመዝን ሌባ ማለት ነው፤ መደቡን የለቀቀልኝን ሰው እንዴት እንዲህ አዋርዳለሁ አልኩ። ሁለት ጥሩ ምክንያት ነበረኝ፤ በሁለቱም ተኛሁ።

ሰኞ፤ ልኬቱ

ጠዋት ወንዙ ዳር ወጣን፤ ሕዝቡም ተከተለን። የመጀመሪያውን ከረጢት በባልዲ ውሃ አሟሟሁት፤ አማትቤ ደፋሁት። ሴቶቹ «ውይ!» ሲሉ ሰማሁ። አንዷ፣ «ለወንዝ ወጥ ሲሠራ ያየሁት ዛሬ ነው!» አለች። ሌላዋ፣ «ሽንኩርቱንስ መቼ ትጨምሪያለሽ?» ብላ አሳቀችብኝ። ሙላው ባዶውን ከረጢት ተቀብሎ በደብተሩ ጻፈ። ሥራውን በደንብ እንዲይዝ ከበላይ ተነግሮት ይሆናል፣ ወይ ተፈጥሮው ነው። «ከጎረቤት ቀበሌ አንድ ሰው ከማዳበሪያ ጆንያ ጥቂት ዘግኖ አሻጥረኛ ተብሎ ታስሯል። ይኸው እስከ ዛሬ አልተመለሰም» አለኝ፣ ከጨዋታ ሳይቆጥረው።

መቶ እርምጃ ያህል ዝቅ ብዬ መሣሪያዋን ውሃው ውስጥ ነክሬ ቆየሁ። ቁጥሯ ቀስ ብሎ ወጣ፣ ጫፍ ደረሰ፣ ቀስ ብሎ ወረደ። ጻፍኩ፣ ደመርኩ። እኩለ ቀን ላይ ሁለተኛውን፣ ከሰዓት በኋላ ሦስተኛውን ደፋሁ። ሦስቱ ልኬቶች አንድ ሆኑ! በሥራ ዘመኔ እንዲህ የተስማማ ልኬት አይቼ አላውቅም፤ ከረጢት ለከረጢት የፀጉር ያህል ልዩነት አልነበረም። ሦስቱም አንድ፣ አንዱም ሦስት፤ የሥላሴ ሥራ ነው ብዬ ድንጋዩ ላይ ተንበረከክሁ። ወንዙም ከፈራሁት በላይ ብዙ ነበር። እማማ የሻረግን፣ «አይዞዎት፣ ውሃችሁ ብዙ ነው፤ ለሁላችሁም ይበቃል» አልኳቸው። እጄን ሳሙኝ።

ማክሰኞ፤ መመለሻ

መኪናው ተነሥቶ፣ የይለፍ ወረቀታችን የሚያበቃበት ቀን ስለነበር ጋሽ ደምሴ ጥሩንባ እየነፉ ሲያጣድፉኝ፣ እማማ የሻረግ በመስኮቱ አንገታቸውን አስገቡ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር በሆዴ ይዤ ልሸኝሽ አልቻልኩም። የልደታን ንፍሮ ያጣፈጥኩት ካንቺ ጨው ነው።»

«ከየትኛው ከረጢት?»

«ከሦስቱም። ከአንዱ ብቻ ብወስድ ያ ጎድሎ ይታይብኛል ብዬ ከሦስቱም እኩል እኩል ዘገንኩ። እንግዳዬ በእመቤቴ ቀን አልጫ ከምትበላ፣ ያውም ወንዝ ለሚጠጣው ጨው! ይቅር በይኝ።» አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ሳቁ፤ ሳቃቸው የልጅ ሳቅ ነበር።

እኔም ሳቅኩ። ምን ልበል? በሐሳቤ ግን ማስላት ጀምሬ ነበር። ወንዙ ውስጥ የደፋሁት ከጻፍኩት ያነሰ ነው ማለት ነው። ከላይ የገባው ጨው ሲያንስ ከታች የሚነበበውም ያንሳል፤ እኔ ግን ሁለት ኪሎ ገብቷል ብዬ ስለማሰላ ወንዙ ብዙ ሆኖ ይታየኛል። የሦስቱ መስማማት የእማማ የሻረግ እጅ እኩልነት እንጂ የወንዙ ምስክርነት አልነበረም።

«ስንት እፍኝ ነው የዘገኑት እማማ?» ልል አፌን ስከፍት ሙላው ደብተሩን ይዞ መጣ። «ምን ያስቃችኋል?»

«የሴት ወሬ ነው፤ አንተን አይመለከትህ» አሉት።

አሻጥረኛ የሚለውን ቃል አስታወስኩ። አፌን ዘጋሁ። ጋሽ ደምሴ መኪናውን አንቀሳቀሱ። እንውረድ፣ እንደገና እንለካ፣ ወረቀቱን እናስረዝም ማለት ይቻል ነበር። በምን ጨው? ደባርቅ ያለው ጋዝ የጠጣ ነው። ይህን እያሰብኩ ሊማሊሞን ወጣን፤ ጠፍሩን ደባርቅ መልሰን፣ ዳባትን ሳንቆም አልፈን፣ ጎንደር ገባን። በመንገድ ሁሉ ቃል ባለመተንፈሴ ጋሽ ደምሴ፣ «እቴ፣ ወንዙ አንደበትሽንም አሟሟው?» ቢሉኝ አልመለስኩም።

ከገባሁ በኋላ

በቤቴ ውስጥ ከራሴ ጨው እየዘገንኩ በሚዛን አየሁት፤ ያን ጋን ንፍሮ ስንት እፍኝ እንደሚያጣፍጠው እየገመትኩ፣ የሳቸው እጅ ከኔ እጅ እንደሚበልጥ እየጨመርኩ። ከየከረጢቱ ሩብ ያህል ሳይጎድል አልቀረም። እንዲያ ከሆነ ወንዙን በሲሶ አሳብጨዋለሁ። ለባሕሩ ብዬ የተውኩት ውሃ፣ ያ በቁጥር ብቻ ያለው፣ በወንዙ ውስጥ የሌለው ውሃ ነው።

ለኃላፊያችን ባቀረብኩት ጽሑፍ መጨረሻ፣ ቁጥሩ ሳይበዛ አይቀርምና በሚመጣው ግንቦት ይደገም ብዬ ጻፍኩ። ጠሩኝ።

«ሦስት ልኬት እንዲህ ተስማምቶ ሳለ የምትጠራጠሪበት ምክንያት ምንድን ነው?»

«ልቤ አልተቀበለውም።»

«ልብ በስሌት ውስጥ አይገባም። ምክንያት ካለሽ ንገሪኝ፤ ከሌለሽ ይጸድቃል።»

የእማማ የሻረግን ስም አልጠራሁም፤ በዚህ አልጸጸትም። የምጸጸተው በሌላው ነው። «ስመዝን ተሳስቻለሁ» ብል ይበቃ ነበር። ልኬቱ ይሰረዛል፣ ግንቡ አንድ ዓመት ይቆያል፣ ማንም አይታሰርም። ውሸት ስለሆነ ነው ያልተናገርኩት ብዬ ራሴን ብዙ ጊዜ አጽናንቻለሁ። እውነቱ እንዲያ አይደለም። በመሥሪያ ቤቱ የኔ ሚዛን ተሳስቶ አያውቅም ይባል ነበር፤ ያንን ስም ማጣት ፈራሁ። ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው የጨውን ነገር እመቤታችን ይቅር ትላለች አሉኝ፤ ለኔም ዳዊት ሰጡኝ። ደግሜ ጨርሻለሁ።

ቁጥሩ ጸደቀ፤ ግንቡም ተሠራ። በሚቀጥለው ግንቦት ጋሽ ደምሴ በዚያ አልፈው ነበር። ለልደታ ሳይደርስ ባሕሩ ጭቃ ሆኗል አሉኝ። ዋርካው ሥር ያለው ጠጠር ነጭ ሆኖ ደርቋል፤ ከብቶቹን ለማጠጣት ግማሽ ቀን ይነዳሉ፤ የመጨረሻዎቹን አምባዛዎች ሴቶቹ በእጃቸው ከጭቃው ለቅመዋል። እማማ የሻረግ ከዚያ ላይ ለኔ የሚሆን አድርቀው በቅጠል ጠቅልለው ልከዋል። መልእክትም ነበራቸው፦ «ልጄ እንዳታዝን በሏት። እሷ ደኅና ለክታልን ነበር፤ ሰዎቹ ናቸው ከልኩ ያለፉት።»

ዓሣው ያለ ጨው የደረቀ ስለነበር ትንሽ ሸትቷል። ቀቅዬ በላሁት፤ አንዲት ፍላጭ አላስተረፍኩም።

ባለፈው ሳምንት ጋሽ ደምሴ ዳግመኛ ወደዚያ ሲወርዱ ከራሴ አምስት ኪሎ ጨው ለእማማ የሻረግ ላክሁ። ከጨውም ጋር ደብዳቤ ጽፌ ነበር፤ የሆነውን ሁሉ፣ ያልኩትን፣ ያላልኩትን። አሽጌው ሳለ ትዝ አለኝ፤ እማማ የሻረግ ፊደል አያውቁም። ደብዳቤ ሲመጣላቸው የሚያነብላቸው ሙላው ነው። ቀደድኩት። ጋሽ ደምሴ ጨውን ብቻ ይዘው ሄዱ፤ ደብዳቤውን ለእናንተ ጻፍኩት።